የዕጣው ጣሳ

«ይንገሩን» ያለችኝ ሃያት ናት። የልጅ ልጄ ቤቲ ደግሞ «ንገሪን እንጂ እማማ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። ሃያት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ጨዋ ስለሆነች «እርስዎ» ትለኛለች። ቤቲን ግን ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ «አንቺ» ካላለችኝ የተቀየመችኝ ይመስለኛል። ሁለቱም ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፈዋል። ስንቱ ልጅ በወደቀበት እነሱ አለፉ። የቤቲ እናት፣ ልጄ አስቴር፣ ውጤቱን የሰማች ቀን ከመሥሪያ ቤቷ ደውላ መናገር አቅቷት ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ነበር። አሁን የቀራቸው ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ነው። ድሮ ፎርም ነበር፣ ዛሬ በስልክ ሆኗል። ስሞቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ይመጣሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ማስቀመጥ ነው። ይህ የሆነው ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ ነው። ምርጫው እሑድ ይዘጋል ተብሏል።

ቤቲ ነፍሷ ቁጥር ላይ ነው። እዚሁ ከተማችን ያለው ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የታወቀ ስለሆነ እሱን አንደኛ ላድርግ ትላለች። እናቷ ደግሞ «ይህን ውጤት ይዘሽ ሒሳብ? ምን ልትሆኚበት?» ብላ ሰሜን ያለውን፣ በሕክምናው አንጋፋ ነው የሚባለውን አንደኛ አድርጊ ብላታለች። እዚያ የገባ መጀመሪያ ቅድመ ሕክምና የሚሉትን ይማራል፤ ያንን ካለፈ ሐኪም ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ እናትና ልጅ በኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት። «እማማ፣ ለእናቴ ጨው አቀብይኝ በይልኝ።» እንደዚያ ሆኑ። ቅዳሜ ታዲያ አስቴር ገበያ ወጣች፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲጨቃጨቁ ሃያት ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችውን የቲማቲም ጣሳ አየች። አሮጌ ጣሳ ናት፤ ጎኗ የተጨረማመተ፣ አፏ ዙሪያውን በመዶሻ የተደፈጠጠ።

«ቤቲዬ፣ በቃ ዕጣ እናውጣ! ወላሂ፣ ከዚህ በላይ ጭንቅላቴ አይሠራም» አለች። ከደብተር ሁለት ብጣሽ ወረቀት ቀደደች፤ ጻፈችባቸው፤ አጣጥፋ ጣሳዋ ውስጥ ጣለቻቸውና ነቀነቀች። የታጠፈ ወረቀት ቆርቆሮ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ትንሽ ነው፤ ሣር ውስጥ የገባች ጫጩት ይመስላል። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ! እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም፤ ጉልበቴ እንኳ አላመመኝም። ጣሳዋን ከእጇ ቀማኋትና ደረቴ ላይ ያዝኳት። ልጅቷ ደነገጠች። «ይቅርታ እማማ፣ የከበረ ዕቃ መሆኑን አላወቅኩም» አለችኝ። የቲማቲም ጣሳ ምን ክብር አለው? አዘንኩላት። «ይንገሩን» ያለችኝ ይሄኔ ነው።

እናንተ የምታውቋት ካዛንቺስ ሌላ ናት፣ እሷም ፈርሳለች። እኔ የማወራው ከሷ በፊት ስለነበረችው ነው። ጣሊያኖቹ ሠርተዋቸው የሄዱት ቪላዎች ገና ቀለማቸው ሳይለቅ፣ በያጥሩ ጽጌረዳው ወደ መንገድ ተንጠልጥሎ፣ ከቪላዎቹ ጀርባ ደግሞ እኛ፤ በጭቃ ቤት፣ በጋራ ግቢ፣ በአንድ ቦኖ ውሃ ለሃያ አባወራ። ቀን ቀን ሰፈሩ የቢሮ ሰው ነው። አመሻሹ ላይ ከየቡና ቤቱ ሸክላ ይከፈታል፤ አንዱ ቤት የሚዘፍነው ከሌላው ቤት ዘፈን ጋር መንገድ መሃል ይጋጭ ነበር። ወንዶቹ ታቹ የሰፋ ቦላሌ ሱሪ፣ ሴቶቹ ጉልበት ላይ የቀረ ጉርድ፤ ጸጉሩ ሁሉ እንደ ጎመን ራስ ድብልብል ያለ አፍሮ። ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነበር፣ ያውም ሁለት እጅ የሚሞላ። በስሙኒ አውቶቡስ ተሳፍሬ የፈለግኩት ደርሼ እመለሳለሁ። አሁን ከጎተራ ኦሎምፒያ ለመድረስ ታክሲ ስጠይቅ ረዳቱ የሚጠራው ዋጋ ያን ጊዜ የአንድ ወር የቤት ኪራዬ ነው። ይሁን፤ ያለፈ ዋጋ መቁጠር የሽማግሌ በሽታ ነው ይላሉ።

ባለቤቴ ወልዴ ጎሚስታ ነበር። ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ አንድ ቀን ሆዱን ይዞ ገባ፤ በማግስቱ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሐኪም እስኪመጣ ስንጠብቅ ሞተ። ሐኪሙ መጣ፣ አልመጣም አልልም፤ የመጣው ግን እኔ ነጠላዬን ፊቱ ላይ ካለበስኩት በኋላ ነው። ፍስሐ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አስቴር ጀርባዬ ላይ ናት። ከዚያ በኋላ ልብስ አጣቢ ሆንኩ። ከቪላዎቹ በአንዱ ዶክተሮች ይኖሩ ነበርና ነጭ ጋዋናቸውን የማጥብና የምተኩስ እኔ ነኝ። አንዱን ጋዋን አጥቦ ለመተኮስ ሽልንግ ይከፍሉኛል። በከሰል ካውያ ነው የምተኩሰው፤ ከሰሉ ብልጭ ካለ ነጩን ልብስ ይበሳዋል፣ ስለዚህ እፍ እፍ እያልኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ከልዬ፣ ጭምድዱን አንድ በአንድ። ፍስሐ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ይመስለኛል፣ አንድ ቀን የደረቀውን ጋዋን አለበስኩት። እጅጌው መሬት ደረሰ። ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። እዚያው ልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ በልቤ ተስዬ ጨረስኩ።

ልጁ ግን የቁጥር ነበር። የቤታችንን ጭቃ ግድግዳ ጋዜጣ ለጥፈንበታል፤ ብርድ ይከላከላል፣ ያምርማል። ፍስሐ ከካውያዬ ከሰል እየሰረቀ በየጋዜጣው ጠርዝ ላይ ቁጥር ይጽፋል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን እንደሚል አላውቅ፤ ቤቴ በጉንዳን የተወረረ ይመስለኝ ነበር። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» ስለው «እማዬ፣ የማያልቅ ነገር ነው» ይለኛል፤ ደስ ብሎት። የሚያስተምረው መምህር አበራ በኛው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ማትሪክ ተፈትኖ ውጤቱ የመጣ ሰሞን፣ ልጁ ፎርም የሚሞላበት ሳምንት፣ መምህር አበራ ደጄ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ ተዋበች፣ ልጁን ሐኪም አደርገዋለሁ ይላሉ አሉ።»

«ከእግዜር ጋር።»

«ሐኪም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ግን ማስተማር ከጀመርኩ አንድ ነው ያየሁት። እሱ ሲያሰላ እኔ ቆሜ ነው የማየው።»

«መምህር፣ ሒሳብ ሰው ያድናል?»

«ሌላውን አያድንም። የሚወደውን ሰው ግን ያኖረዋል።»

«እርስዎን አኑሮዎታል?» አልኩት፣ ክርኑ የተጣፈ ኮቱን እያየሁ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ፈገግ አለና «ደህና ይዋሉ» ብሎኝ ሄደ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ስለ ጣሳዋ ልንገራችሁ። በግቢያችን ዕጣ የሚወጣበት ነገር ብዙ ነበር። የቦኖው ተራ፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ፣ የእቁቡ ተራ፣ የእድሩን ድንኳን ማን ቤቱ ያስቀምጥ፤ ሁሉም በዕጣ ነው። መጀመሪያ ዕጣውን የሚይዝ አንድ ተማርኩ ባይ ጸሐፊ ነበርና ሦስት ጊዜ ለዘመዱ ሲወጣ ጊዜ ሰው አጉረመረመ። ያኔ የእድሩ ዳኛ «ለተዋበች ስጧት፤ ማንበብ የማትችል ሴት ዕጣ አትሰርቅም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣሳዋ የኔ ሆነች። ሌላው ጽፎ ያመጣል፣ እኔ አጣጥፌ፣ ነቅንቄ፣ ዐይኔን ጨፍኜ አወጣለሁ። ሌሎች በመማራቸው ይከበሩ ነበር፣ እኔ ባለመማሬ ተከበርኩ። ሕጓ ደግሞ አንዲት ናት፣ ከእናቴ የሰማኋት፦ ያልወጣ ዕጣ አይገለጥም። እሳት ነው የሚገባው። ገልጦ ማየት ፈራጁን መጠርጠር ነው።

እኔና ፍስሐ ሦስት ቀን ተኳርፈን ነበር። ልክ እንደ ቤቲና እናቷ። እሱ እዚሁ ከተማ ሒሳብ፣ እኔ ሰሜን ሄዶ ሕክምና። አልጮህኩበትም፤ ጮኼበት ቢሆን ይሻል ነበር። ዝም ብዬ ጋዋን እተኩሳለሁ፤ እንባዬ ካውያው ላይ ይወድቅና ትስስ ይላል። ልጁ ያንን ትስስታ ይሰማል። በወሩ በአሥራ አምስት፣ የቂርቆስ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስመለስ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አንቺ ምረጪ እማዬ» አለኝ።

«እኔ ብመርጥ ትቀየመኛለህ።»

«እኔ ብመርጥ ታለቅሻለሽ።»

«እንግዲያው ቂርቆስ ይምረጥ» አልኩና ጣሳዋን አወረድኩ።

ሳቀ። «ቂርቆስ ሦስት ዓመቱ አይደል እንዴ? የሦስት ዓመት ሕፃን ስለ ዩኒቨርሲቲ ምን ያውቃል?»

«እናቱን ያጸናት ሕፃኑ ነው!» አልኩት ተቆጥቼ። ሥዕሉ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፤ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ የፈላው ጋን ውስጥ ሊገቡ ቆመው። እናትየው የጋኑን ድምፅ ሰምታ ልቧ ከድቷት ልትመለስ ነበር፤ አይዞሽ ብሎ እጇን ይዞ ያስገባት ልጁ ነው። ፍስሐ ሳቁን ተወና ሥዕሉን ብዙ አየው። ከዚያ ከደብተሩ ወረቀት ቀደደ፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጻፈ። ሁለቱንም አጣጥፎ አቀበለኝ። እኔ በስመ አብ ብዬ አማትቤ ነቀነቅኩ። ጫጩቷ ሣሩ ውስጥ ተንኮሻኮሸች። ዐይኔን ጨፍኜ አንዷን አወጣሁና ሰጠሁት። ገለጣት።

«ሕክምና» አለ።

እልልታዬን አንድ ግቢ ሰማው። እሱም ሳመኝ፤ «ቂርቆስ ያውቃል» አለኝ። ወዲያው እጁን ወደ ጣሳዋ ሰደደ፤ መታሁት። «ያልወጣ ዕጣ አይነካም!» ስለው «አውቃለሁ፣ ላቃጥለው ነው፤ ካውያው ውስጥ ልክተተው» አለኝ። እኔ አቃጥለዋለሁ ብዬ ቀማሁት። ካውያውን ከፈትኩ፤ ከሰሉ ቀይ ነው፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሒሳቡን ማቃጠል የልጄን ልብ ማቃጠል መሰለኝ። እንደታጠፈ ከቂርቆስ ሥዕል ጀርባ፣ ከካርቶኑ ሥር ሸጎጥኩት። በማግስቱ «አቃጠልሽው?» አለኝ። «አቃጠልኩት» አልኩ። በዕጣ ነገር የዋሸሁት እሷኑ አንዲት ጊዜ ነው። የወጣችውን ግን በሊጥ አጣብቄ ከሥዕሉ አጠገብ ጋዜጣው ላይ ለጠፍኳት፤ የገባ የወጣ እንዲያያት።

ቂርቆስ ሰፈር ካለ ልብስ ሰፊ ግራጫ ቴትሮን ሱሪ አሰፋሁለት፤ ታቹን አላሰፋሁትም፣ ሐኪም ቦላሌ አይለብስም ብዬ። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። ደብዳቤ ሲጽፍልኝ የሚያነብልኝ መምህር አበራ ነበር፤ ስለ ኮቱ ያንን ተናግሬውም ያነብልኛል። ደብዳቤው ሁልጊዜ ሁለት ቅጠል ነው። አንዱ «ደህና ነኝ፣ ብርዱ ለመድኩት፣ አስቴርን ሳሚልኝ»። ሁለተኛውን መምህሩ ዐይቶ «ይኼኛው ለኔ ነው» ይልና አጥፎ ኪሱ ይከታል። ቁጥር ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ እያለው ይወስደው ነበር። በኋላ በኋላ ግን ግንባሩን ቋጥሮ ያየዋል። «ምን ይላል?» ስለው «ያው ሒሳብ ነው፤ ግን ትንሽ ተደነባብሮበታል» አለኝ አንድ ቀን። እኔ ምን ገባኝ? ሕክምናው እየጠነከረ ቁጥሩን እያስረሳው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሦስተኛ ዓመቱ ላይ በሬ ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆመ። ሱሪው ወገቡ ላይ በገመድ ታስሯል፤ እንደዚያ ከስቶ። አልወደቀም፣ አላባረሩትም፤ ዕረፍ ብለው ነው የላኩት። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። አንድ ቀን ብቻ ተናገረ፦ «እማዬ፣ እዚያ ቁጥሩ አይመጣም። የልብ ምቱን ቆጥሬ፣ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ቆጥሬ፣ ሁሉንም በትክክል ደምሬ፣ ሰውዬው ይሞታል።» እኔም የማውቀውን አደረግኩ፤ ጠበል ወሰድኩት። ሰፈሩ «ትምህርቱ አናቱ ላይ ወጣበት» አለ። ሲሻለው ወደ ሒሳቡ ልግባ ብሎ ቢሮ ለቢሮ ዞረ፤ ጊዜው አልፏል አሉት፤ ከዚያ ዞሮም አልጠየቀ። መምህር አበራም ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበር።

ባምቢስ አካባቢ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛና ጃንጥላ ይዞ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። ለከሰሰ ክስ፣ ለተከሰሰ መልስ፣ ለሁሉም በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ። ሰፈሩ ስሙን «ዶክተር» ብሎ አወጣለት። ቡና ቤት በር ላይ የሚቀመጡት «ዶክተር፣ ራሴን አሞኛል፣ እስቲ አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ» ይሉታል። እሱም «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ አመልክት» ይላቸዋል። ይስቃሉ፤ ይስቃል። የተማሪ ልጆች የቤት ሥራ ይዘውለት ሲመጡ ብቻ ነበር የድሮው ፍስሐ ብልጭ የሚለው፤ ግን ዳር ላይ ደርሶ ያቆማል። «ቀሪውን ራሳችሁ ጨርሱት» ይላቸዋል።

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ በዚያ ጊዜ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በሱ ፊደል ነው። ማታ ማታ ከግድግዳው ጋዜጣ ላይ። «በምን እንጀምር?» ሲለኝ የለጠፍኳትን ዕጣ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ። «ሌላ እንጀምር» አለ። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ «የቂርቆስን ቃል ሳላውቅ አልሞትም» አልኩት። በጣቱ እያስያዘኝ አስቆጠረኝ፦ ሕ፣ ክ፣ ም፣ ና። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኳት ቃል እሷ ናት። ከስሜም ከስሙም በፊት። ምርር ሲለኝ «ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ ቂርቆስ ነው የመረጠልህ» እለዋለሁ። «አዎ እማዬ፣ ቂርቆስ ነው» ይለኛል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለኝ፤ አንድም ቀን ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም።

አርባ ዓመት ሳይሞላው ሳንባው ጣለው። ሆስፒታል ተኝቶ አንድ ወጣት ሐኪም ሊያየው መጣ፤ ጋዋኑ የተጨማደደ። ሲሄድ ፍስሐ ጠቀሰኝና «እማዬ፣ ይሄ ጋዋን ካውያ አይቶ አያውቅም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለኝን አላስታውስም፤ የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። እኔ ግን ከቀብሩ በኋላ ከቂርቆስ ጋር ተጣላሁ። ያንን ያህል ዓመት በወሩ በአሥራ አምስት ያልቀረሁ ሴት፣ መሳለም ተውኩ። በደጁ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። የሥዕሉን ፊት ወደ ግድግዳ መልሼ ሰቀልኩት። ልጄን አምኜ ሰጥቼህ፣ ጋኑ ውስጥ አስገብተህ ተውከው፤ እለዋለሁ። የራስህን እናት አጽንተህ የሌላ እናት ልጅ ረሳህ፤ እለዋለሁ። በዚህ ዓይነት ዓመታት ሄዱ።

ለልጆቹ የነገርኳቸው እስከዚህ ድረስ ነው። ሃያት በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ትጠርጋለች። ቤቲ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ቆየች። አጎቷን በፎቶ ካልሆነ አታውቀውም። እኔ ታሪኩን ስጀምር ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ ልጄ ሆይ የወደድሽውን ምረጪ፣ ቁጥሩ ያኑርሽ፣ ብዬ ልጨርስ ነበር። አንድ የቀረ ነገር ነበረኝ፤ እሱን ልናገር ወይስ ልተወው እያልኩ ጣሳዋን አገላብጣለሁ። የልጄ ምስጢር ነዋ። እሱ ሳይፈቅድ እንዴት ላውጣው?

ቤቲ ቀና አለች። ዐይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ረግቶ ነበር። ያንን የረጋ ፊት ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ፣ ፍስሐ መስኮት ሥር ጽፎ ሲዞር፣ አይቼዋለሁ።

«በቃ እማማ፣ አታልቅሺ» አለችኝ። «ማለቴ... ጋሼ ፍስሐ የጀመረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ሰሜኑን አንደኛ አድርጌዋለሁ። እናቴም ደስ ይላታል፣ አንቺም።»

«የለም፣ የለም፣ ቆይ ቤቲዬ፣ አንድ ነገር...» ብዬ አፌን ስከፍት ስልኩን በአውራ ጣቷ ነካ አደረገች።

«ሄደ!» አለች ሃያት። «ወይኔ ቤቲ፣ በእውነት ላክሽው?»

«ላክሁት።»

«መልሺው» አልኳት። «መልሺው ልጄ።»

«አይመለስም እማማ፤ አንዴ ከላኩት አይስተካከልም ይላል» አለችና ሳመችኝ። አስቴር ዘንቢሏን ይዛ ስትገባ ነገሯት። እናትና ልጅ ተቃቀፉ። አስቴር እልል አለች። ከአራተኛ ፎቅ ላይ እልልታ እንዴት እንደሚያስተጋባ! እኔ ጣሳዋን ታቅፌ መኝታ ክፍል ገባሁ። መስኮቱ ወደ መንገዱ ነው፤ መኪናው ይንጫጫል፤ ልብስ የሚሰጣበት ግቢ እንኳ የለም። አፌ በአንዲት ቃል ዘገየ።

የቀረችው ነገር ይህች ናት። ፍስሐ ከሞተ ብዙ ዓመት በኋላ፣ ካዛንቺስ ሊፈርስ ሲል፣ ዕቃችንን ጠቅልለን የወጣን ቀን ነው ያወቅኳት። ቤቱ ባዶ ሆኗል፤ አስቴር ከመኪናው ጋር ውጭ ናት። የቀረው ያ ፊቱን ወደ ግድግዳ የመለስኩት የቂርቆስ ሥዕል ብቻ ነበር። ጥዬው ልሄድ ብዬ እንደገና አዘንኩ። ከሚስማሩ ሳወርደው የበሰበሰው ካርቶን ተላቀቀና የታጠፈች ወረቀት እግሬ ሥር ወደቀች። ረስቻት ነበር። ያልወጣ ዕጣ አይገለጥም፤ አውቃለሁ። ግን ልጄ የለ፣ ቤቱ የለ፣ ሰፈሩ የለ፤ ከእንግዲህ ማንን ልጠርጥር? ደግሞ ማንበብ ችያለሁ። ሒሳብ የሚለውን ቃል በጽሕፈቱ ልየው፣ ልሳመው ብዬ ነው የገለጥኳት። መነጽሬ ተጠቅልሏል፤ ወረቀቷን ወደ በሩ ብርሃን አቅርቤ፣ እሱ እንዳስተማረኝ በጣቴ እየያዝኩ ቆጠርኩ። ሕ። ክ። ም። ና። ዐይኔ የዋሸኝ መሰለኝ፤ ግድግዳው ላይ በሊጥ ወደ ለጠፍኳት ሄጄ አጠገብ ላጠገብ ያዝኳቸው። አራቱም ፊደላት አንድ ናቸው።

ጣሳዋ ውስጥ ሒሳብ አልነበረም።